የሩሲያ አብዮት ዘጠና ዓመት፦ የመሬት ዕዳ፣ ነጭ ለባሽና ሶቪየት

ስለ ሩሲያ አብዮት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የ1917 ታሪክ ብቻ ነው፤ ሌኒን በባቡር ገባ፣ የክረምት ቤተ መንግሥት ተያዘ፣ ዛሩ ወደቀ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ስህተት ነው፤ ዛሩ የወደቀው ሌኒን ፔትሮግራድ ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን አነጋገሩ ዋናውን ነገር መሸፈኑ ነው። በጥቂት ቀናት የፈረሰው ሥርዓት ከዚያ በፊት ዘጠና ዓመት ያህል ውስጥ ውስጡን ሲቦረቦር ኖሯል፤ የቦረቦሩትም አብዮተኞቹ ብቻ አልነበሩም። መንግሥቱ ገበሬውን ነፃ ባወጣበት ቀን የማይወጣውን ዕዳ አሸከመው። ቅሬታ በግልጽ የሚሰማበትን በር ደግሞ በከፈተ ቁጥር መልሶ ዘጋው። በሩ ሲዘጋ በአደባባይ ለመሥራት የፈለጉት ይመታሉ፤ በኅቡዕ መሥራት የሚችሉት ይተርፋሉ። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ማየት ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ስለ ቀኖቹ አንድ ማሳሰቢያ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹ ግን ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ ትሠራበት በነበረው በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህ አቆጣጠር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአዲሱ በ12 ቀን፣ በ20ኛው ደግሞ በ13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ነው «የኦክቶበር አብዮት» በአዲሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ላይ የሚውለው። እኛ ዘንድ ግን «የየካቲት» እና «የጥቅምት» አብዮት የሚሉት ስሞች ቀናቸውን አይስቱም፤ የመጀመሪያው የተጀመረው የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የተካሄደው ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ነበር።

መኮንኖቹ፣ 1825

የመጀመሪያው ሙከራ የመኳንንት ልጆች ሥራ ነው። ናፖሊዮንን እያሳደዱ እስከ ፓሪስ የዘለቁ ወጣት መኮንኖች አገራቸው ሲመለሱ ገበሬው እንደ ከብት ሲሸጥ አገኙት። በሁለት ኅቡዕ ማኅበራት ተደራጁ፤ የሰሜኑ በዋና ከተማው በሴንት ፒተርስበርግ (ከ1914 ጀምሮ ፔትሮግራድ በተባለው)፣ የደቡቡ በዩክሬን በሰፈረው ጦር ውስጥ። የሰሜኖቹ አብዛኞች ሥልጣኑ በሕግ የተገደበ ንጉሥ ይፈልጉ ነበር። የደቡቡ መሪ ኮሎኔል ፔስቴል ግን ሪፐብሊክ ነበር ያቀደው።

ዛር አሌክሳንደር 1ኛ ኖቬምበር 1825 ላይ ድንገት ሞተ። ወንድሙ ኮንስታንቲን ዙፋኑን አስቀድሞ በምስጢር ትቶት ስለነበር አገሪቱ ለሳምንታት ለማን መማል እንዳለባት ሳታውቅ ቆየች። መኮንኖቹ ይህን ክፍተት ተጠቅመው ዲሴምበር 14 ቀን 3,000 ያህል ወታደር ይዘው ሴኔት አደባባይ ወጡ። ዕቅዱ ሴኔቱ ለኒኮላስ ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት ደርሶ ማስገደድ ነበር። ሲደርሱ ግን ሴናተሮቹ ማልደው ምለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። መሪ ሆኖ የተመረጠው ልዑል ትሩቤትስኮይ ከነጭራሹ ሳይመጣ ቀረ። ወታደሮቹ በብርድ ለሰዓታት ቆመው ዋሉ፤ ከከተማው ሕዝብ ጋር ለመቀላቀልም ሆነ መድፎቹን ለመያዝ አልሞከሩም። ሲመሽ ኒኮላስ 1ኛ በመድፍ በተናቸው። አምስቱ ተሰቀሉ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ።

ኒኮላስ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ፖሊስ ማጠናከር ነበር። በ1826 «ሦስተኛው ክፍል» የሚባለውን የፖለቲካ ፖሊስ አቋቋመ። በቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት መጽሐፍ ለማንበብ የሚሰበሰብ ክበብ እንኳ ወንጀለኛ ነበር፤ ወጣቱ ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1849 በእንዲህ ያለ ክበብ ምክንያት ሊረሸን ተዘጋጅቶ ቆሞ ሳለ ነው ቅጣቱ በግዞት የተለወጠለት።

የ1861 ስሌት

ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ ለመረዳት አንድ ሰነድ ብቻ መምረጥ ቢያስፈልግ የፌብሩዋሪ 19 ቀን 1861ን አዋጅ ነው የምንመርጠው። ዛር አሌክሳንደር 2ኛ በዚህ አዋጅ በግል ባለርስቶች ሥር የነበሩ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰርፎችን ነፃ አወጣ። ሰርፍ ማለት ከመሬቱ ጋር የታሰረ፣ ጌታው ሊሸጠው፣ ሊገርፈው፣ ሊድረው የሚችል ገበሬ ነው። ሰውነቱ ወዲያው ነፃ ወጣ። መሬቱ ግን በነፃ አልተሰጠውም፤ መግዛት ነበረበት።

ስሌቱን በቁጥር እንየው። አንድ ገበሬ ለባለርስቱ በዓመት 6 ሩብል ይገብር ነበር እንበል። ሕጉ ይህን 6 ሩብል የ6 በመቶ ወለድ አድርጎ ይቆጥርና የይዞታውን ዋጋ 100 ሩብል ያደርገዋል። ከዚህ ውስጥ 80ውን መንግሥት በቦንድ ለባለርስቱ ይከፍላል፤ ቀሪውን 20 ገበሬው ራሱ ለባለርስቱ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ገበሬው መንግሥት ስለ እሱ የከፈለውን 80 ሩብል 6 በመቶ፣ ማለትም 4 ሩብል ከ80 ኮፔክ፣ በየዓመቱ ለ49 ዓመት ይከፍላል። ሲደመር 235 ሩብል ከ20 ኮፔክ ነው። ለባለርስቱ የሰጠው 20 ሩብል ሲጨመርበት የ100 ሩብሉ መሬት 255 ሩብል ከ20 ኮፔክ ወጣበት ማለት ነው። በ1861 የተወለደ ልጅ ዕዳው ሲያልቅ ሃምሳ ዓመቱን ሊደፍን ነው።

ስሌቱ ውስጥ የተቀበረ ሌላ ነገር አለ። ዋጋው የተሰላው ከመሬቱ ፍሬ ሳይሆን ከግብሩ ነው። አፈሩ ደካማ በሆነበት በሰሜን ገበሬው ግብሩን የሚከፍለው ከእርሻው አልነበረም፤ ከተማ ወርዶ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ጋሪ ነጂ ሆኖ ባገኘው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ እዚያ «የመሬት ዋጋ» የተባለው የሰውየውን ጉልበት ዋጋ የጨመረ ነበር፤ ሰውነቱ በነፃ ተለቀቀ ቢባልም ገዝቶታል። አፈሩ ጥቁርና ለም በሆነበት በደቡብ ደግሞ ባለርስቶች የፈለጉት መሬቱን ስለነበር ገበሬው ቀድሞ ለራሱ ሲያርሰው ከነበረው ይዞታ ላይ እየተቆረጠ ለጌታው ቀረ። ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ግጦሹ፣ ውኃ መውረጃውና ጫካው ነበር። ያለ እነዚህ እርሻ ስለማይሆን ገበሬው መልሶ ከዚያው ባለርስት ለመከራየት ተገደደ፤ ኪራዩንም በጉልበቱ ከፈለ።

ዕዳው በግለሰብ ስም አልተመዘገበም። ተጠያቂው «ሚር» የተባለው የመንደሩ ማኅበር ነበር። አንዱ ቤተሰብ ካልከፈለ ጎረቤቶቹ ይከፍሉለታል፤ በዚህ ምክንያት መንደሩ ማንም እንዲወጣ አይፈልግም፤ ከመንደር ርቆ ለመሥራትም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሚሩ መሬቱን በየጊዜው በቤተሰብ ብዛት እየሸነሸነ ያከፋፍል ስለነበር ልጅ የበዛበት ቤት ብዙ ቁራሽ ያገኛል። ሕዝቡ በዛ፤ ቁራሹ ጠበበ፤ ዛሬ የያዝከው ነገ ለሌላ የሚሄድ ስለሆነ ማሳ የሚያዳብር ሰው አልነበረም። ገበሬው ግን የችግሩን ምክንያት በዚህ አላየውም። በአጥሩ ማዶ ያለውን የባለርስቱን ማሳ እያየ «መሬት የእግዚአብሔር ናት፣ የሚያርሳት ይያዛት» ይል ነበር። መንግሥት ግብር ለመሰብሰብ ብሎ ያጠናከረው የመንደር ጉባኤ በ1905 እና በ1917 ተሰብስቦ የባለርስቱን መሬት ለመውረስ የወሰነው ያው ጉባኤ ነው። ከውጭ የመጣ ቀስቃሽ አላስፈለገውም።

ወደ ሕዝቡ፣ ከዚያም ወደ ቦምቡ

በ1874 በጋ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች የገበሬ ልብስ ለብሰው ወደ ገጠር ወረዱ። እነዚህ ናሮድኒክ የሚባሉት ናቸው። ሚሩን የሶሻሊዝም ዘር አድርገው ያዩት ነበር፤ ገበሬውን ካነቃነው ሩሲያ የካፒታሊዝምን ደረጃ ዘልላ ታልፋለች ብለው አመኑ። አንዳንዱ ጫማ ሰፊነት፣ አንዳንዱ አዋላጅነት ተምሮ ሄደ። ገበሬው መሬት ማግኘት ይፈልጋል፤ በዛሩ ላይ ግን እምነቱ ገና አልተነካም፤ የሚበድሉት ባለሥልጣናቱ ናቸው፣ ዛሩ ቢያውቅ ይፈርድልን ነበር ይላል። ብዙ ቦታ ተማሪዎቹን ለፖሊስ ጠቆማቸው።

የመንግሥቱ መልስ የታሪኩን አቅጣጫ ለወጠ። የታሰሩት ለዓመታት ያለ ፍርድ ከቆዩ በኋላ በ1877 «የ193ቱ ችሎት» ተከፈተ። ፍርድ ቤቱ ብዙዎቹን ነፃ ቢላቸውም ከእነዚሁ አብዛኞቹ በአስተዳደር ትእዛዝ ተጋዙ። ነፃ ከተባሉት መካከል አንድሬ ዤልያቦቭና ሶፊያ ፔሮቭስካያ ይገኙበታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዛሩን የገደለውን ቡድን የመሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ያ ችሎት በተጠናቀቀ ማግስት፣ ጃንዋሪ 1878፣ ቬራ ዛሱሊች የምትባል ወጣት እስረኛ ያስገረፈውን የፒተርስበርግ ገዥ ጄኔራል ትሬፖቭን በሽጉጥ አቆሰለች። የዳኝነት ጉባኤው አባላት ተራ የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ነፃ አወጧት። መንግሥት በዚያው ዓመት በባለሥልጣናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ከእንዲህ ዓይነት ችሎት አውጥቶ ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ሰጠ።

በ1879 «መሬትና ነፃነት» የተባለው ድርጅት ለሁለት ተከፈለ። ማስተማሩን እንቀጥል ያሉት በፕሌሃኖቭ ዙሪያ ተሰባሰቡ፤ መንግሥቱን ከላይ እንምታ ያሉት «የሕዝብ ፈቃድ» የሚል ስም ያዙ። የዚህ ሁለተኛው አወቃቀር ለኋላው ሁሉ አብነት ሆነ፦ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ሥራ አስፈጻሚ፣ ከሥሩ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሕዋሶች፣ ምስጢራዊ ማተሚያ ቤት፣ ሐሰተኛ የይለፍ ወረቀት የሚሠራ ክፍል፣ ዳይናማይት የሚቀምም ባለሙያ። ክሌቶችኒኮቭ የሚባል አባላቸው ለሁለት ዓመት ያህል በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ የፖሊሱን ዝርዝር ያቀብላቸው ነበር።

ማርች 1 ቀን 1881 ዛሩ ሊያልፍበት ከሚችልበት መንገድ ሥር፣ ከአይብ ሱቅ ጀምሮ ዋሻ ቆፍረው ፈንጂ ቀብረዋል። ዛሩ በዚያ ሳይመጣ ቀረ። ፔሮቭስካያ በመሐረብ ምልክት ሰጥታ ቦምብ ወርዋሪዎቹን ወደ ካትሪን ቦይ ዳር አዞረቻቸው። የመጀመሪያው ቦምብ ሠረገላውን ብቻ ጎዳው። ዛሩ የቆሰሉትን ለማየት ሲወርድ ሁለተኛው ቦምብ እግሩ ሥር ፈነዳ።

ዕቅዳቸው የት ላይ እንደተሳሳተ መናገር ያስፈልጋል። ዛሩ ሲሞት ሕዝብ ይነሣል ወይም መንግሥት ይደነግጣል ብለው ነበር የገመቱት፤ አንዱም አልሆነም። ከዚህም የባሰው፣ አሌክሳንደር 2ኛ በዚያው ጠዋት የተመረጡ ተወካዮች በሕግ ዝግጅት እንዲማከሩ የሚፈቅደውን የአገር ውስጥ ሚኒስትሩን የሎሪስ ሜሊኮቭን ዕቅድ ተቀብሎት ነበር። ልጁ አሌክሳንደር 3ኛ ዕቅዱን ቀበረው። ኦገስት 14 ቀን 1881 የወጣው የጸጥታ ደንብ ገዥዎች ስብሰባ እንዲከለክሉ፣ ጋዜጣ እንዲዘጉ፣ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት እንዲያግዙ ፈቀደ። ለሦስት ዓመት ብቻ የወጣ ጊዜያዊ ደንብ ነበር፤ እየታደሰ እስከ 1917 ዘለቀ። በ1887 ሌላ ዛር ለመግደል አሲረዋል ተብለው ከተሰቀሉት አምስት ወጣቶች አንዱ የሌኒን ታላቅ ወንድም አሌክሳንደር ኡልያኖቭ ነው።

አንደኛው አንቀጽ

ፕሌሃኖቭ ከገበሬው ተስፋ ቆርጦ በ1883 ጄኔቫ ላይ የመጀመሪያውን የሩሲያ ማርክሳዊ ቡድን መሠረተ። የባቡር መሥመርና የብረት ፋብሪካ በፍጥነት በሚስፋፋበት በ1890ዎቹ ይህ አስተሳሰብ ተሰሚነት አገኘ። የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቲክ ሠራተኞች ፓርቲ በማርች 1898 ሚንስክ ላይ ሲመሠረት የተገኙት ተወካዮች 9 ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ ታሰሩ።

ሁለተኛው ጉባኤ በ1903 ብራስልስ ተጀምሮ ለንደን ሲያልቅ ፓርቲው ተሰነጠቀ፤ የተሰነጠቀውም በደንቡ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነው። ሌኒን አባል የሚባለው ከድርጅቱ አካላት በአንዱ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ነው አለ። ማርቶቭ ደግሞ በአንዱ አካል መሪነት እየተረዳ የሚተባበር ይበቃል አለ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በማርቶቭ አንቀጽ አድማ የወጣ ሠራተኛና ለፓርቲው የሚያዝን ፕሮፌሰር አባል ይሆናሉ፤ በሌኒን አንቀጽ ግን አባል የሚሆነው ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሠራ ብቻ ነው። ድምፅ ሲሰጥ ያሸነፈው ማርቶቭ ነው፤ 28 ለ22። በኋላ የአይሁድ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ቡንድ 5 ተወካዮችና ሌሎች 2 ጉባኤውን ጥለው ወጡ፤ በቀሩት መካከል የሌኒን ወገን ስለበዛ «ቦልሼቪክ»፣ ማለትም ባለ ብዙኃን፣ የማርቶቭ ወገን ደግሞ «ሜንሼቪክ»፣ ማለትም ባለ ጥቂቶች፣ ተባለ። ስሙ ከዚያች ቀን የተረፈ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሜንሼቪኮቹ የሚበዙባቸው ወቅቶች ነበሩ።

ናሮድኒኮቹም አልጠፉም። ወራሾቻቸው ሶሻሊስት ሬቮሉሽነሪዎች (ኤስ ኤር) በ1902 ገደማ በአንድ ፓርቲ ተሰባሰቡ። በገጠር ከማንም በላይ የሚታወቁት እነሱ ነበሩ፤ ከጎን ደግሞ ባለሥልጣናትን የሚገድል «የውጊያ ድርጅት» ነበራቸው።

እዚህ ላይ ኦኽራና የተባለው ምስጢራዊ ፖሊስ ይገባል። ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በእንፋሎት ከፍቶ ገልብጦ መልሶ የሚያሽግ ክፍል፣ በመንገድ የሚከታተሉ ነጭ ለባሾች፣ ፓሪስ ኤምባሲ ውስጥ ደግሞ ስደተኞችን የሚሰልል ቢሮ ነበረው። ዋናው መሣሪያው ግን ድርጅቶቹ ውስጥ የሚያስገባው ጆሮ ጠቢ ነበር። ጆሮ ጠቢው ዋጋ የሚኖረው ከፍ ባለ ሥልጣን ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ከፍ እንዲል ደግሞ ለድርጅቱ እውነተኛ ሥራ መሥራት አለበት። ኤቭኖ አዜፍ ከ1903 ጀምሮ የኤስ ኤር የውጊያ ድርጅት መሪም የፖሊስ ተከፋይም ነበር። ጁላይ 1904 ላይ የተገደለው የአገር ውስጥ ሚኒስትር ፕሌቬ የአዜፍን ደመወዝ ይከፍል የነበረው መሥሪያ ቤት የበላይ አለቃ ነበር፤ ግድያውን ያቀናበረው አዜፍ ነው። በ1908 መጨረሻ ሲጋለጥ የኤስ ኤር የሽብር ክንድ ተሰበረ። ቦልሼቪኮችም አላመለጡም፤ በ1912 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባልና የዱማ (የተመራጮች ምክር ቤት) ተወካይ የሆነው ማሊኖቭስኪ የፖሊስ ሰው ነበር። ኦኽራና የእያንዳንዱን አብዮተኛ ስም፣ ፎቶግራፍና የስደት አድራሻ ያውቅ ነበር። ገበሬው ለምን መሬት እንደሚፈልግ፣ ወታደሩ ለምን እንደማይተኩስ ግን በፋይል ውስጥ የሚገኝ ነገር አይደለም።

1905፦ ሶቪየት የሚባለው ነገር

ጃንዋሪ 9 ቀን 1905 ቄስ ጋፖን የሠራተኛ ቤተሰቦችን ከነቅዱሳን ሥዕላቱ ይዞ አቤቱታ ሊያቀርብ ወደ ክረምት ቤተ መንግሥት ተመመ። የጋፖን ማኅበር ፖሊስ ራሱ ፈቅዶ ያቋቋመው፣ ሠራተኛውን ከአብዮተኞች ለማራቅ የታሰበ ነበር። ዛር ኒኮላስ 2ኛ በከተማው አልነበረም። ወታደሩ ተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው ሟች 130 ያህል ነው። በ1874 ተማሪዎቹን ያስጠቆመው «ዛሩ ቢያውቅ ይፈርድልን ነበር» የሚለው እምነት በከተማው ሠራተኛ ዘንድ ያን ቀን ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ በተነሣው አድማ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ። ሶቪየት ማለት ምክር ቤት ነው፤ የማንም ፓርቲ ፈጠራ አይደለም። በሜይ በኢቫኖቮ ቮዝኔሴንስክ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ ኦክቶበር 13 ደግሞ በዋና ከተማው ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ 500 ሠራተኛ አንድ ተወካይ ይመርጣል፤ ያ ተወካይ ካላስደሰታቸው በማንኛውም ቀን ይሽሩታል። ፋብሪካው ራሱ የምርጫ ጣቢያ ስለሆነ መዝገብም መታወቂያም አያስፈልግም። ሶቪየቱ አድማውን መራ፣ ጋዜጣ ያለ ሳንሱር አሳተመ፣ ባቡሮች የትኞቹ እንዲሄዱ ወሰነ። በአጠቃላይ አድማው የተነሣ ዛሩ ኦክቶበር 17 የዜጎች ነፃነትና ሕግ የማጽደቅ ሥልጣን ያለው ዱማ እንደሚሰጥ በማኒፌስቶ አወጀ።

ማኒፌስቶው የአብዮቱን ጎራ ለሁለት ከፈለው፤ ለዘብተኞቹ ይበቃናል አሉ፣ ሠራተኛው ብቻውን ቀረ። ሶቪየቱ ዲሴምበር 2 ሕዝቡ ግብርና የመሬት ዕዳ እንዳይከፍል፣ ከባንክ ተቀማጩን በወርቅ እንዲያወጣ ጠራ፤ በማግስቱ አባላቱ ተያዙ። የሞስኮን አመፅ ከፒተርስበርግ የተላከው የሴምዮኖቭስኪ ክብር ዘበኛ በመድፍ ደመሰሰው። ሥርዓቱ በዚያ ዓመት የተረፈው በሁለት ነገር ነው። ክብር ዘበኛው ታዘዘ። ፈረንሳይ ደግሞ በኤፕሪል 1906 የ2.25 ቢሊዮን ፍራንክ ብድር አበደረች፤ ስለዚህ መንግሥት ገንዘብ ፍለጋ ዱማውን መለመን አላስፈለገውም። ገበሬውን ለማብረድ የመሬት ዕዳው በ1906 በግማሽ ተቀነሰ፤ ከ1907 መጀመሪያ ጀምሮ ቀረ። አርባ አምስት ዓመት ዘግይቶ።

የመጀመሪያው ዱማ የባለርስት መሬት በካሣ ይከፋፈል የሚል ሐሳብ አንሥቶ በ72 ቀኑ ተበተነ። ሁለተኛው ከአራት ወር አላለፈም። ጁን 3 ቀን 1907 መንግሥት ራሱ ያወጣውን መሠረታዊ ሕግ ጥሶ የምርጫውን ደንብ ለወጠና ግማሽ ያህሉን መራጭ ከባለርስቶች አደረገ። ገበሬው የመሬቱን ጥያቄ በምርጫ ሊያስመልስ የሚችልበት ብቸኛው በር በዚህ ተዘጋ። በእኛ ግምት ከጠቅላላው ታሪክ የማይመለሰው ስህተት ይህ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቶሊፒን ገበሬው ከሚር ወጥቶ የግል ማሳ እንዲይዝ ያወጣው ደንብ ብልህ ቢሆንም ሃያ የሰላም ዓመት ይጠይቅ ነበር። እሱ ራሱ በ1911 ኪየቭ ላይ ለኦኽራና ሲሠራ በነበረ ሰው ተገደለ፤ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ።

ሁለት መንግሥት በአንድ ሕንፃ

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1917፣ የሴቶች ቀን፣ በቪቦርግ ሠፈር ያሉ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሴቶች ዳቦ ጠይቀው ወጡ፤ የብረት ሠራተኞችን በየበሩ እየጠሩ አስከተሏቸው። ፓርቲዎቹ ለዚያ ቀን አድማ አልጠሩም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከተማው ቆመ። በ26 ወታደሩ ተኮሰ፤ በ27 ጠዋት ተኩሶ የነበረው የቮሊንስኪ ክፍለ ጦር መኮንኑን ገድሎ ወጣ።

በ1905 የታዘዘው ክብር ዘበኛ በ1917 ለምን እምቢ አለ? ስሙ እንጂ ሰው አንድ አልነበረም። የቀድሞዎቹ በግንባሩ አልቀዋል። በፔትሮግራድ ሠፈሮች ታጭቆ የነበረው ተጠባባቂ ሻለቃ ነው፤ ገና ከገጠር የመጣ ምልምልና ልጆቹን ትቶ የተጠራ ጎልማሳ። ግንባር መላክን ይፈራል፤ ዳቦ የሚጠይቁት ሴቶች ደግሞ ሚስቱን ይመስሉታል። ኒኮላስ ማርች 2 ዙፋኑን ለቀቀ።

በታውሪዳ ቤተ መንግሥት አንደኛው ክንፍ የዱማው ሰዎች ጊዜያዊ መንግሥት አቋቋሙ፤ በሌላው ክንፍ የሠራተኞችና የወታደሮች ሶቪየት ተቀመጠ። ማርች 1 ሶቪየቱ ያወጣው «ትእዛዝ ቁጥር 1» እንዲህ ይላል፦ በየክፍሉ ኮሚቴ ይመረጥ፤ መሣሪያው በኮሚቴው እጅ ይሁን፤ የዱማው ወታደራዊ ኮሚሽን ትእዛዝ የሚፈጸመው ከሶቪየቱ ጋር ካልተጋጨ ብቻ ነው፤ መኮንን ወታደሩን «አንተ» ብሎ አይጥራ። የጦር ሚኒስትሩ ጉችኮቭ በሳምንቱ ለጦሩ አዛዥ እንደጻፈው ወታደሩ፣ ባቡሩ፣ ፖስታውና ቴሌግራፉ በሶቪየቱ እጅ ነበር፤ ኃላፊነቱ ግን የመንግሥቱ። ሶቪየቱን የሚመሩት ሜንሼቪኮችና ኤስ ኤሮች ሥልጣኑን መያዝ አልፈለጉም፤ ይህ አብዮት የቡርዧው ነው፣ ተራው ገና አልደረሰንም ይሉ ነበር።

ጊዜያዊው መንግሥት መሬቱን ሕገ መንግሥት እንዲያወጣ የሚመረጠው መሥራች ጉባኤ ይወስን ብሎ አቆየው። ጉባኤውን የሚመርጠው ምርጫ ለሴፕቴምበር 17 ተቀጥሮ እንደገና ወደ ኖቬምበር 12 ተገፋ። በጁን ደግሞ አዲስ ማጥቃት ከፈተ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ጥፋቱ የሚገባው፦ ገበሬው አልጠበቀም፣ በሚሩ ወስኖ መሬቱን መቀራመት ጀመረ፤ ግንባር ያለው ልጁ ድርሻው እንዳያመልጠው ጠመንጃውን ይዞ ወደ መንደሩ ሄደ። በጁን የመጀመሪያው የሶቪየቶች ጉባኤ ላይ ኤስ ኤሮች 285፣ ሜንሼቪኮች 248፣ ቦልሼቪኮች 105 ተወካይ ነበራቸው። በኦገስት መጨረሻ ጄኔራል ኮርኒሎቭ ጦር ወደ ዋና ከተማው ሲያንቀሳቅስ የባቡር ሠራተኞች ሐዲዱን ዘጉበት፤ ቦልሼቪኮች በከተማው መከላከያ ቀዳሚ ሆነው ጠመንጃ አገኙ። ከዚያ በኋላ የፔትሮግራድና የሞስኮ ሶቪየቶች ወደ እነሱ ዞሩ።

የኦክቶበሩ አሠራር እንደሚታሰበው ግዙፍ ውጊያ አልነበረም። መንግሥት የፔትሮግራድን ጦር ወደ ግንባር ልልክ ነው ሲል ወታደሩ ተቆጣ፤ ሶቪየቱ «ወታደራዊ አብዮታዊ ኮሚቴ» አቋቁሞ በየክፍሉ ኮሚሳር መደበ፤ ያለ ኮሚሳሩ ፊርማ ትእዛዝ እንዳይፈጸም አደረገ። ወሳኙ ሥራ ያኔ አልቋል። ኦክቶበር 24 መንግሥት የቦልሼቪክ ማተሚያ ቤቶችን ሲዘጋ ኮሚቴው «መከላከል» ብሎ ድልድዮችን፣ ቴሌግራፉን፣ ባቡር ጣቢያዎችንና የመንግሥት ባንኩን በአንድ ሌሊት ያዘ። ሚኒስትሮቹ ኦክቶበር 26 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ተያዙ። ደም የፈሰሰው ሞስኮ ላይ ነው፤ አንድ ሳምንት ተዋጉ። በሶቪየቶች ሁለተኛ ጉባኤ ሜንሼቪኮችና የኤስ ኤር ቀኝ ክንፍ በተቃውሞ ወጡ፤ መድረኩን ለሌኒን ለቀቁለት። በጉባኤው ሁለተኛ ምሽት የጸደቀው የመሬት አዋጅ የኤስ ኤሮች ጋዜጣ ከ242 የገበሬ ጥያቄዎች ካጠናቀረው ሰነድ የተወሰደ ነው። ባለቤቶቹ ስምንት ወር ሙሉ ያልፈጸሙትን ሌላው በአንድ ሌሊት አዋጅ አደረገው።

ከአንድ ቀን ጉባኤ እስከ ሰባተኛው ነጥብ

ምርጫው በኖቬምበር ተካሄደ። ኤስ ኤሮች ከመራጩ 40 በመቶ ያህል፣ ቦልሼቪኮች 24 በመቶ ያህል አገኙ። የቦልሼቪኮቹ ድምፅ ያለው ግን በሁለቱ ታላላቅ ከተሞችና ለዋና ከተማው ቅርብ በሆነው ግንባር ነበር፤ ሥልጣን የሚያዝበት ቦታ። ጉባኤው ጃንዋሪ 5 ቀን 1918 ተከፈተ፣ ሲነጋጋ ዘበኞቹ በትነውት በማግስቱ በሩ ተቆለፈ። ገበሬው አልተነሣም፤ የሚፈልገውን መሬት ይዟል። ብዙም ሳይቆይ የታጠቁ ቡድኖች እህሉን ሊወስዱ መጡ።

ቼካ የተባለው ፖሊስ የተመሠረተው ጉባኤው ከመከፈቱ አንድ ወር ያህል ቀድሞ፣ ዲሴምበር 7 ቀን ነው። በሴፕቴምበር 1918 «ቀይ ሽብር» በይፋ ታወጀ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስንት ቤት ያዘጋው «ቀይ ሽብር»፣ ተቃራኒው «ነጭ ሽብር» የሚለውም፣ ከዚያ ዘመን ሩሲያ የተወሰዱ ስሞች ናቸው።

በማርች 1921 ለፔትሮግራድ ቅርብ የሆነው የባሕር ኃይል ሠፈር የክሮንስታት መርከበኞች፣ በ1917 የቦልሼቪኮች ዋና ደጋፊ የነበሩት፣ ሶቪየቶች በምስጢር ድምፅ እንደገና ይመረጡ ብለው ተነሡ። ጦር ዘመተባቸው። በዚያው ሳምንት የተቀመጠው 10ኛው የፓርቲ ጉባኤ የእህል ነጠቃውን በግብር ተካ፤ በፓርቲው ውስጥ ደግሞ የራሱ አቋም ይዞ የሚሰባሰብ ቡድን እንዳይኖር ከለከለ። የውሳኔው ሰባተኛ ነጥብ ማዕከላዊ ኮሚቴው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የራሱን አባላት እንዲያባርር ይፈቅድ ነበር። ያ ነጥብ እስከ ጃንዋሪ 1924 በምስጢር ተይዞ ቆየ። በ1905 የፒተርስበርግን፣ በ1917 የፔትሮግራድን ሶቪየት የመራው ትሮትስኪ በኦክቶበር 1927 ከማዕከላዊ ኮሚቴ፣ በቀጣዩ ወር ከፓርቲው የተባረረው ቡድን ፈጥረሃል በሚለው በዚሁ ክስ ነው።